ጥንቸል ከመግዛታችን በፊት ቤቷን እናሰናዳ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ሰኔ ግም ብሎ ትምህርት ቤቶች ሊዘጉ ሲቃረቡ፣ ልጆቻቸው በክረምቱ የሚደሰቱበት ነገር የሚፈልጉ ወላጆች ጥንቸል መግዛት ይጀምራሉ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ በመሆኑ ይህን በቅርብ አያለሁ። ቀድሞ ሥራችን በአብዛኛው ከውሻ፣ ከድመትና ከወተት ላም ጋር ነበር፤ አሁን ግን በካርቶንና በዘንቢል ተይዘው የሚመጡልን ጥንቸሎች ከዓመት ዓመት እየበዙ ነው። የሚያሳዝነው፣ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ለሕመም የሚዳረጉት ባለቤቶቻቸው ስለማይወዷቸው ሳይሆን፣ መጀመሪያ ጥንቸሏ ተገዝታ ቤቷ፣ መኝታዋና ምግቧ ከዚያ በኋላ ስለሚታሰብ ነው። ይህ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ በጋዜጣችሁ በኩል ቤተሰቦችን ለመማጸን ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በቅድሚያ ስለ ወቅቱ ልናገር። የክረምቱ ዕረፍት ለልጆች የተመቸ ቢሆንም፣ በደጋው አገራችን ግን አዲስ ጥንቸል ቤት ለማስገባት ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። ጥንቸል ደረቅ ብርድን ትችላለች፤ የማትችለው ከርጥበትና ከነፋስ ጋር የተቀላቀለውን ብርድ ነው። በክረምት መኝታዋ ቶሎ አይደርቅም፣ ከግቢ የሚታጨደው ሣር ውኃ የጠገበ ነው፣ እርጥብ ወለል ላይ ደግሞ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ በቀላሉ ይስፋፋል፤ ገና ጡት የጣሉትን በተቅማጥ ከሚጨርሱት ዋነኛውም እርሱ ነው። ከሁሉም በላይ ግን በክረምት ጥሩ ድርቆሽ፣ ማለትም ታጭዶ የደረቀ ሣር፣ ማግኘት ይከብዳል። በሱሉልታና በአካባቢው ሣሩ የሚታጨደውና የሚደርቀው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በሰኔና በሐምሌ ገበያ ላይ የሚገኘው የከረመው ትራፊ ስለሆነ ዋጋው የተወደደ፣ ብዙውን ጊዜም ዝናብ የነካው ነው። ስለዚህ ምክሬ ክረምቱን ከልጆች ጋር ቤቷን ለመሥራትና አያያዟን ለመማር መጠቀም፣ ድርቆሹን በኅዳር መግዛት፣ ጥንቸሏን ደግሞ ከዚያ በኋላ ማምጣት ነው። ልጆች ይህን ያህል አይታገሡም የሚል ወላጅ ቢኖር፣ በአግባቡ የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት እንደምትኖር ያስብ፤ ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስም አብራው ልትኖር ትችላለች። ለዚህን ያህል ዘመን ቤተሰብ ለሚሆን እንስሳ ጥቂት ወራት መዘጋጀት አይበዛም።

ስለ ድርቆሽ ይህን ያህል የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፤ የፊት ጥርሶቿ በዓመት 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያድጋሉ። ይህን እድገት ሞርዶ ልክ የሚያስይዘው ጠንካራ ጭራሮ ያለውን ሣር ቀኑን ሙሉ ማኘኳ ነው። ለስላሳ ምግብ ብቻ የምትበላ ጥንቸል የመንጋጋ ጥርሶቿ ጠርዝ እየሾለ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል፤ እኛ ዘንድ ስትመጣ አገጯ በለሃጭ ርሶ ጸጉሩ ተመልጧል፣ ቅጠል ሲሰጧት ቶሎ ታነሣና መልሳ ትጥለዋለች። አንጀቷም የሚንቀሳቀሰው በድርቆሽ ነው። የበላችውን ሣር የሚያብላሉላት በዕውር አንጀቷ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሲሆኑ፣ ከዚያ የሚወጣውን ለስላሳና የሚያብረቀርቅ በጠጥ ራሷ መልሳ ትበላዋለች፤ ይህ ደግሞ ቫይታሚንና ፕሮቲን የምታገኝበት የተፈጥሮ መንገድ ስለሆነ ልትከለከል አይገባም። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። የገባው ሁሉ ወደፊት መጓዝ አለበት፣ ጉዞው ከቆመ ሆዷ በጋዝ ይነፋና ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከምግቧ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ድርቆሽ ወይም ሣር ይሁን የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። በልክ ለመናገር፣ አንዲት ጥንቸል በየቀኑ የራሷን አካል የሚያህል እቅፍ ድርቆሽ ያስፈልጋታል፤ ከፊቷም ቀንም ሆነ ሌሊት መጥፋት የለበትም።

ድርቆሽ የሚገዛ ሰው የእስሩን ውጭ ብቻ አይቶ አይክፈል። እጁን እስከ መሃሉ አስገብቶ አንድ ጭብጥ ይምዘዝና ያሽትት። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ጨርሶ አልጠፋም፣ ሽታውም ደስ ይላል። እፍን እፍን የሚል ከሆነ፣ ሲያራግፉት ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ ከቦነነ፣ ወይም ከመሃሉ ጥቁር የተጣበቀ ነገር ከወጣ ሻግቷልና ሻጩ ዋጋ ቢቀንስም እንኳ ይለፈው። ቤት ከገባም በኋላ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ከሥር ርጥበት ስቦ ይበላሻል፤ በጣውላ ርብራብ ላይ፣ ጣሪያው በማያፈስበትና አየር በሚገባበት ስፍራ መቀመጥ አለበት። በላስቲክ ጠቅልሎ ማፈንም አይጠቅምም።

ከድርቆሹ ጎን በየቀኑ አንድ ሁለት እፍኝ ታጥቦ የተራገፈ አረንጓዴ ቅጠል ይሰጣታል። ሰላጣ፣ የድንብላል ቅጠል፣ በሶብላ፣ እንዲሁም የጉልት ነጋዴዎች ቆርጠው የሚጥሉት የካሮት ቅጠል ሁሉም ይሆናሉ፤ የካሮቱ ቅጠል እንዲያውም ከካሮቱ ይሻላታል፤ ካሮቱ ስኳር ስለሚበዛው በቀጭኑ ተቆርጦ አልፎ አልፎ ብቻ የሚቀመስ ነው። ጎመንና ቆስጣ በየቀኑ ባይሆኑ ይመረጣል። ጥቅል ጎመን ሆድ ይነፋል። አዲስ ቅጠል ሲጀመር ጥቂት በጥቂት፣ አንድ ዓይነት ብቻ እየተሰጠ በጠጧ ይታይ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ የበሰለ ሩዝ፣ ብስኩትና ጥሬ እህል ለአንጀቷ አይስማሙም፤ ፉርሽካም ብቻውን ምግብ አይሆንም። ሽንኩርት፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ አቮካዶ ከነቅጠሉ፣ ጉሎና ቸኮሌት መርዝ ናቸው። በተለይ የማስጠነቅቀው ስለ ዶሮ መኖ ነው፤ ርካሽና ቅርብ ስለሆነ ለጥንቸልም ሲሰጥ አያለሁ፣ ነገር ግን ዶሮዎችን ከኮክሲዲያ ለመከላከል በአንዳንዱ መኖ ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት ጥንቸልን ሊገድል ይችላል።

አሁን ወደ ቤቷ ልምጣ። ብሪታንያ ውስጥ የጥንቸሎችን ደህንነት የሚከታተለው ማኅበር ለሁለት ጥንቸሎች ቢያንስ 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ቁመት ያለው ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። ይህ በከተማችን ግቢ ለሌለው ቤተሰብ ብዙ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ሆኖም ስፍራው በሙሉ ሳጥን መሆን አያስፈልገውም። የምትተኛበት ሳጥን ቀጥ ብላ በኋላ እግሮቿ የምትቆምበትና ተዘርግታ የምትጋደምበት ያህል ከሆነ፣ ቀሪው በሽቦ የታጠረ መሯሯጫ ሊሆን ይችላል። አናጺ የሚያሠራ ሰው የሳጥኑን እግር ከመሬት ቢያንስ ጉልበት ድረስ ከፍ አድርጎ ማሠራት፣ ጣሪያውን ዝናቡ ወደ ኋላ እንዲወርድ በሚያዘነብል ቆርቆሮ ማስከደን፣ ፊቱን ደግሞ ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒው አቅጣጫ ማዞር ይገባዋል። ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ስለሚግል ከሥሩ ጣውላ ወይም ኮምፔንሳቶ ይግባበት። ወለሉ በምንም ምክንያት ባዶ ሽቦ እንዳይሆን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ጥንቸል እንደ ውሻና ድመት የመዳፍ ሥጋ የላትም፣ እግሯን የሚሸፍነው ጸጉር ብቻ ነው፤ ሽቦ ላይ የከረመች ጥንቸል ተረከዟ ተመልጦ ይቆስላል፣ ቁስሉም እስከ አጥንት ሊደርስ ይችላል። ጣውላውን ከምስጥ ለማዳን የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ጥንቸል ግን የደረሰችበትን እንጨት ሁሉ ስለምትግጥ ዘይቱም ሆነ ቀለሙ ከውስጥ በኩል አይነካ።

ስለ ሽቦው አናጺዎች የሚያቀርቡት ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ይከለክል ይሆናል እንጂ ውሻን ከመግባት አይከለክልም። ቀዳዳው በጣም ጠባብ የሆነ፣ በብየዳ የተያያዘ ጠንካራ ሽቦ ይሻላል፤ አይጥና ሽለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ይገባሉና። የመሯሯጫው አጥር መሬት ላይ ብቻ ከቆመ ጥንቸሏ ከሥሩ ቆፍራ ትወጣለች፤ ሽቦው ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ይቀበር ወይም ወለሉ ከአፈሩ ሥር በሽቦ ይነጠፍ። ከላይም ክፍት አይሁን፤ ጭልፊት በከተማ መሃልም አለ። መሸሸጊያም ያስፈልጋታል፤ ሁለት መውጫ የተቆረጠለት ካርቶን ይበቃል፣ አንዱ በር ሲያስፈራራት በሌላው የምትወጣበት እንዲሆን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ ደግሞ በረንዳውን ከፀሐይና ከዝናብ ሳይከልሉ መኖሪያ አያድርጉት፤ ቤት ውስጥ የምትለቀቅ ከሆነ የኤሌክትሪክ ገመዶች ሁሉ ከፍ ይበሉ ወይም በቱቦ ይሸፈኑ፤ የኤክስቴንሽን ገመድ በአንድ ንክሻ ትበጥሳለች፣ ራሷም በዚያው ልትሞት ትችላለች።

ለመኝታ ብዙ ሰው የሚያስበው ሰጋቱራ ነው። ከአናጺ ቤት ታፍሶ የሚመጣው ሰጋቱራ ግን የቺፑድና የኤምዲኤፍ ብናኝ የተቀላቀለበት፣ ማስቲሽና ቫርኒሽ የነካው ሊሆን ይችላል፤ ብናኙም የጥንቸልን ሳንባ ያውካል። እኔ የምመርጠው የጤፍ ጭድ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ርጥበት ይመጥጣል፣ ብትበላውም አይጎዳትም። ጥንቸል ንጽሕና የምትወድ ፍጥረት ናት፣ ሽንቷን አንድ ማዕዘን መርጣ ትሸናለች። ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ በመረጠችው ማዕዘን ተቀምጦ ከሥሩ ወረቀት፣ በላዩ ጭድ ተደርጎ፣ ድርቆሿ አጠገቡ ቢሰቀል እየበላች እዚያው መጸዳዳት ትለምዳለች፣ የቀረው ስፍራም ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ሳፋው በየቀኑ መደፋት አለበት። የሽንቱ አሞኒያ ሲታፈን ዓይኗንና አፍንጫዋን ያቃጥላታል፤ ከኋላዋ የረጠበችና የቆሸሸች ጥንቸልን ደግሞ ዝንብ እንቁላል ይጥልባታል፣ እንቁላሉም በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊሆን ይችላል።

ውኃ ከከባድ የሸክላ ወይም የብረት ሳህን ብትጠጣ ከሚንጠለጠለው ጠርሙስ የበለጠ ትጠጣለች። በአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋታልና ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ለእርሷም ከጀሪካኑ ይታሰብላት። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ቆላማ ከተሞች ለሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ችግሩ ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው። ጥንቸል አታልብም፣ ሙቀቷን የምታስወጣው በአብዛኛው በጆሮዎቿ ነው፤ ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ትቸገራለች። በረዶ የሆነ ውኃ የያዘ ሃይላንድ በጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገቧ ቢቀመጥ ተጠግታው ትተኛለች።

አሁን የማነሣው ጉዳይ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ጥንቸል ብቻዋን መኖር አይስማማትም፤ ስለዚህ ሁለት መግዛት ትክክል ነው። ነገር ግን የትኞቹ ሁለት እንደሚሆኑ ከመግዛት በፊት መወሰን አለበት። ወንድና ሴት ሳይኮላሹ አብረው ከተቀመጡ ከ4 ወር ዕድሜ አንሥቶ መራባት ይችላሉ፤ እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ነው፣ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ልትወልድ ትችላለች፣ በወለደችበት ዕለትም ዳግመኛ ልትፀንስ ትችላለች። በሌሎች አገሮች የተረፈው ይሸጣል ወይም ይበላል። በእኛ አገር ግን የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከማይበሉት እንስሳት ስለሚቆጥራት አብዛኛው ክርስቲያን ቤተሰብ አይበላትም፤ ገዢዋም ጥቂት ነው። ስለዚህ የተረፉት ጥንቸሎች ጎረቤት እምቢ ሲል መሄጃ ያጣሉ፤ አንዳንዱ ሰው ርኅራኄ መስሎት እንጦጦ ጫካ ይለቃቸዋል። በደጋችን ሜዳ የምናያት የዱር ጥንቸል ሌላ ፍጥረት ናት፤ ልጆቿ ጸጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተከፍቶ ሜዳ ላይ ይወለዳሉ፣ ከአውሬም በሩጫ ያመልጣሉ። የቤቷ ጥንቸል ዝርያዋ ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር የመጣ፣ ልጆቿን ራቁታቸውንና ዕውር ሆነው በጉድጓድ የምትወልድ ናት፤ የእንጦጦን ብርድ፣ ውሻና ጅብ የምትቋቋምበት ነገር የላትም። እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሁለት የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሴቶች ቢገዙ፣ ወይም ወንዱን የሚያኮላሽ ሐኪም አስቀድሞ ተፈልጎ ቢገኝ መልካም ነው። የተኮላሸ ወንድም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊያስረግዝ ስለሚችል ያን ጊዜ ተለይቶ ይቆይ። ሁለት ያልተኮላሹ ወንዶች ግን ሲጎረምሱ ክፉኛ ይናከሳሉ።

በሚገዙበት ቦታ ዕድሜን መጠየቅ ያስፈልጋል። ግልገል ከእናቷ ጋር እስከ 8 ሳምንት መቆየት ሲገባት፣ ትንሽ ስትሆን ስለምታምር በ4 ሳምንቷ መንገድ ዳር በካርቶን ትሸጣለች፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በተቅማጥ ያልቃሉ። ገዢ ጥንቸሏን ሲይዛት የጆሮዋን ውስጥ በብርሃን ይመልከት። ንጹሕ ጆሮ ሮዝ መልክ ያለውና ደረቅ ነው፤ የጆሮ እከክ ያለባት ግን ውስጡ በቡናማ፣ በተደራረበ ቅርፊት ይሞላል፣ ሲነኩት ራሷን ታራግፋለች። በዚያው የፊት መዳፎቿን ገልብጦ ይይ፤ ጸጉሩ ተጣብቆ ከደረቀ አፍንጫዋን ስትጠርግበት የቆየች ናትና ጉንፋን መሰል ሕመም አለባት። ሻጮችም ዕድሜና ፆታ ለይተው እንዲሸጡ በዚሁ አጋጣሚ እጠይቃለሁ።

ጥንቸል የሚያክም ባለሙያ የት እንዳለ ጥንቸሏ ሳትታመም በፊት ማወቅ ያስፈልጋል። ለ12 ሰዓት ምንም ያልበላች ወይም በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል እስከ ሰኞ አትጠብቅም። ከቤት መድኃኒት ሣጥን ደግሞ ምንም አይሰጣት፤ ለልጆች የሚታዘዘው አሞክሲሲሊን በአፍ ሲሰጣት በአንጀቷ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ፈጅቶ በቀናት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። የውሻ ቁንጫ ለማጥፋት የሚረጨው ፊፕሮኒልም ለእርሷ መርዝ ነው። ልጆች ጆሮዋን ይዘው እንዳያነሧት አስቀድሞ ይነገራቸው፤ አንድ እጅ ከደረቷ፣ ሌላው ከዳሌዋ ሥር ሆኖ ካልደገፋት በኋላ እግሮቿ ስትፈራገጥ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። ከሁሉ የሚሻለው ልጁ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ራሷ እንድትመጣ መጠበቁ ነው።

በዚህ ሰሞን ጥንቸል ገዝተው ያስገቡ ቤተሰቦችም ጊዜ አላለፈባቸውም። ከካርቶኑ አውጥተው ወለሉ በጭድ የተነጠፈ፣ ነፋስ የማይገባው ክፍል ይስጧት፤ ድርቆሽና ውኃ ያቅርቡ፤ ሻጩ ይሰጣት የነበረውን ምግብ በአንድ ጊዜ ሳይቆርጡ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ድርቆሽ ያሻግሯት፤ የታጨደ እርጥብ ሣርም ቤት ውስጥ ተበትኖ ውኃው ሳይመጥ አይስጧት። በቅርብ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ወስደው ጥርሷን፣ ጆሮዋንና ፆታዋን ያስመርምሩ። ሁለት ከሆኑና ፆታቸው ካልታወቀ፣ ከሦስት ወር ያለፉት እስኪለይላቸው ድረስ በሽቦ ተከልለው እየተያዩ ለየብቻ ይቀመጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ
ከአዲስ አበባ